«እማማ እኮ በግራ በኩል አያኝኩም»

ፓርኪንሰን ስላለባቸው ሰዎች የጥርስና የአፍ እንክብካቤ፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ሰብሳቢያችን ጠርተውን «የእናታችሁን ነገር ለምን ለአባላቱ አትነግሩም?» ሲሉን ሦስታችንም እርስ በርስ ተያየን። ፓርኪንሰን እኮ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን እንናገራለን? እሳቸው ግን «የጥርሷን ነገር ነው ያልኳችሁ፤ እሱንማ እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ጥርስ፣ ስለ ድድና ስለ ምራቅ ነው። ለጆሮ የሚያምር ርዕስ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቡናው ሳይቀርብ ብንጨርሰው ይሻላል።

«እኛ» የምንለው ሦስት እህትማማቾችን ነው። ጽሑፉን አንድ ላይ ተቀምጠን ነው ያዘጋጀነው፤ አንዳችን ታነባለች፣ ሁለታችን ደግሞ እዚያ ኋላ ሆነን የተሳሳተ ካለ እናርማለን።

እማዬ ፓርኪንሰን እንዳለባት ከተነገረን ስድስት ዓመት አለፈ። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ መንቀጥቀጡ ከጻፈው ጄምስ ፓርኪንሰን ከተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የዓለም የፓርኪንሰን ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 3 የሚውለውም እሱ የተወለደበት ቀን ስለሆነ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኛም እንደ ብዙ ሰው ሲነገረን ያየነው እጇን ብቻ ነበር። ምላስም ጡንቻ መሆኑን፣ ጉንጭና ጉሮሮም በጡንቻ እንደሚሠሩ፣ እነሱም እንደ እጇ እንደሚዘገዩ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ እግር ጉዞዋና ስለ መውደቅ በደንብ ነግረውናል። ስለ አፏ ግን እሳቸውም አላነሡም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አምና ከመስከረም ጀምሮ እማዬ መክሳት ጀመረች። ከመካከላችን አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ቤታችን ሁሉ ነገር የሚመዘገብበት ደብተር አለ፤ መድኃኒት የተወሰደበት ሰዓት፣ የደም ግፊት፣ ክብደት፣ ወጪ። በመስከረም 58 ኪሎ የነበረችው በጥር 51 ኪሎ ሆነች። እንጀራ ስናቀርብላት ትንሽ ትቆርስና «ጠገብኩ» ትላለች። ከማዕድ እስክትነሣ አንድ ሰዓት የሚፈጅባት ቀን ነበር። እኛም «በሽታው እየገፋ ነው» አልን። ሲከፋት የማትበላ መሰለንና ተቆጣናት። ሠራተኛችንንም «እያግባባሽ አታበያትም» ብለን ወቀስናት።

የባሰው ስህተታችን ደግሞ ይኼ ነው። ስትከሳ ጊዜ እንቁላል፣ ወተት፣ የሥጋ መረቅ እያልን ማብዛት ጀመርን፤ ያውም ሆዷ ባዶ እንዳይሆን ብለን ከመድኃኒቷ ጋር። የምትወስደው ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ በአንድ ላይ ያለበትን እንክብል ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከምግብ የሚገኘው ፕሮቲን በሚገባበት በር ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ይጋፋሉ፤ መድኃኒቱም ይዘገያል ወይም ይደክማል። እኛ ይህን መች አውቀን! መንቀጥቀጡ ሲብስ፣ እግሯ መሬት ላይ እንደተተከለ ሲቀር፣ አሁንም «በሽታው ገፋ» አልን። ደም አስመረመርን፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አሳየን፣ ቫይታሚን ገዛን። ሁሉም በደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

ነገሩን ያገኘችው ያቺው የወቀስናት ሠራተኛችን ናት። ልጅ ናት፣ ገና ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። የጥምቀት ሰሞን ምግብ እያቀረበች ሳለ «እማማ እኮ በግራ በኩል አያኝኩም» አለችን። እንዴት? አልናት። «እንጀራውን በወጥ አርሰው በቀኝ በኩል ያዞሩታል፣ ትኩስ ነገር ሲነካቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ» አለች። ይህን ካየች ሁለት ወር እንደሆናት፣ ግን እንዳንቆጣት ፈርታ እንደነበር ኋላ ነገረችን።

በስልካችን መብራት የእማዬን አፍ ከፍተን አየን። ከታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋ ተሰብሮ ጥቁር ሥሩ ብቻ ቀርቷል፤ ድዱ አብጦ መግል ይዟል። ከጎኑ ያለው ጥርስም ይነቃነቃል። ጉንጯና ድዷ መካከል ደግሞ ጠዋት የበላችው ፍትፍት እንዳለ ተቀምጧል። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር።

ሦስት ሴት ልጆች ያላት እናት ይህን ያህል ወር ጥርሷን ስትታመም እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ይህን ጥያቄ ራሳችንን ብዙ ጊዜ ጠይቀናል፤ ሰበብ እንዳይመስልብን እንጂ ምክንያቶች አሉት። አንደኛ፣ ፓርኪንሰን ፊትን ያቀዘቅዛል። የፊት ጡንቻዎች ስለሚገትሩ ሰውየው ቢያመውም ቢደሰትም ፊቱ ላይ ብዙ አይነበብም። ሁለተኛ፣ ድምፅ ይቀንሳል፤ እማዬ አንድ ነገር ለመናገር ስትጀምር እኛ ቀድመን እንጨርስላት ነበር። ሦስተኛው የእማዬ የራሷ ነው። እማዬ ያደገችው ወንጂ ነው፤ አያታችን በስኳር ፋብሪካው ይሠሩ ነበር። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እዚያ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ታዲያ እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅም ስታወራም እጇን ወይም ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። እኛ ከተወለድን ጀምሮ የምናውቃት እንዲያው ነው። ስለዚህ ከመስከረም ወዲህ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ «ያው የእማዬ እጅ ነው» ብለን አለፍን።

መጀመሪያ የሄድንበት የጥርስ ክሊኒክ አገጯ ሲንቀጠቀጥ አይተው ፈሩ። «በዚህ ሁኔታ መርፌ መውጋት አንችልም፤ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ጥርሶቿ በሙሉ ቢነቀሉ ነው የሚሻለው» ብለው መለሱን። ቤት ገብተን ተጣላን፤ መጣላት ብቻ አይደለም፣ ተላቀስን። ታላቃችን «አንድ ጊዜ ይነቀልና ትረፍ፤ በየዓመቱ ልናመላልሳት ነው?» አለች። ታናሻችን «ያለ ጥርስማ ምን ልትበላ ነው?» አለች። መካከለኛዋ ወጪ ታሰላለች። እንዲህ ስንባባል ማምሻውን እማዬ ከተቀመጠችበት አንድ ነገር አለች፤ አልሰማናትም። ደግማ ስትል ዝም አልን። «አፉ የኔ ነው» ነበር ያለችው።

ሁለተኛዋ የጥርስ ሐኪም ወጣት ናት። ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እማዬ ዞራ፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና «እማማ፣ መድኃኒትዎን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት?» ብላ ጠየቀቻት። አፏን እንኳ ገና አላየችም። ሌቮዶፓ ከተዋጠ በኋላ ጥሩ የሚሠራበት ሰዓት አለ፤ ለብዙ ሰው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ አፍ በደንብ ይከፈታል፣ መዋጥም ይቀላል። የመጀመሪያው ክሊኒክ የወሰድናት ከቀትር በኋላ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነው ማለት ነው። ይህችኛዋ ግን ቀጠሮውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት አደረገችው፤ መድኃኒቱ በ2 ሰዓት ይዋጣል፣ ያውም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ።

ሌላ ያዘዘችን ነገር እማዬ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳይቀር፣ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዘን እንድንመጣ ነው። ይህን እናንተም ያዙልን። የፓርኪንሰን መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው። ለምሳሌ ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የሚወስድ ሰው እንደ ፔቲዲንና ትራማዶል ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ክፉ አደጋ ሊገጥመው ይችላል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ደግሞ ማደንዘዣው ውስጥ ካለው አድሬናሊን ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሐኪሟ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ለነርቭ ሐኪሙም ደውላ፣ የደም ግፊቷን ለክታ ነው የጀመረችው።

ወንበሩን ሙሉ በሙሉ አላስተኛችውም፤ ግማሽ ጋደም ያለ ነበር። ጀርባዋ ላይ ብትተኛ ውኃውና ምራቁ ወደ ጉሮሮ ይሄድና ትን ይላታል። አፏ እንዳይደክም በጥርሶቿ መካከል የምትገባ ትንሽ የጎማ ድጋፍ አደረገችላት። ረዳቷ ምራቅ መምጠጫውን ይዛ አልለቀቀችም። «ሲደክምዎት ግራ እጅዎን ያንሡ» አለቻት፤ እማዬ ስታነሣ መሣሪያውን ታቆማለች። ሲያልቅም ወዲያው አላስነሣቻትም፤ ወንበሩን ቀና አድርጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ አስቀመጠቻት። በዚህ በሽታ ሰው ከተኛበት ድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላልና። ከ20 ደቂቃ በላይ የፈጀ ቀጠሮ አልነበረም፤ በአራት ቀጠሮ ሁለት ጥርስ ተነቀለ፣ ሦስት ተሞላ፣ የቀሩት ታጠቡ። በሙሉ ይነቀሉ የተባሉት ጥርሶች አብዛኞቹ ዛሬም አፏ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ግን ለጥቂት ነው ያመለጥነው። ጥርሱ በተነቀለ ማግስት እማዬ ማቅለሽለሽ ጀመራት፤ የታዘዘላት ፀረ ተሕዋስያን ይሆናል። ታናሻችን ሮጣ ከሰፈር ፋርማሲ ፕላሲል ገዝታ መጣች። ማንም ቤት የሚገኝ የማስታወክ መድኃኒት አይደል? ሐኪሟ በሰጠችን ወረቀት ላይ ግን «ፕላሲል እንዳትሰጧት» የሚል ነበር። ፕላሲል፣ በሌላ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ያብስበታል። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ባይለጠፍ ኖሮ እንሰጣት ነበር። ፓርኪንሰን ያለበት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡም ይህን ስም ተናገሩ።

ስለ ወጪው ለሚያስቡ፣ ደብተራችንን አይተናል። እንዲያ ስትከሳ በነበረችባቸው ወራት ለምርመራ፣ ለቫይታሚንና ለልዩ ልዩ ምግብ ያወጣነው ለጥርሱ ከከፈልነው እጥፍ ያህል ነበር።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ እንግባ፤ ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነውና።

የጥርስ ብሩሽ እጀታ ቀጭን ነው፤ ጣቱ የገተረ ሰው ሊጨብጠው አይችልም። እኛ መጀመሪያ ጨርቅ ጠቀለልንበት፤ ሲርስ ይሸታል፣ ተውነው። ቀጥሎ የብስክሌት መሪ ላይ የሚገባውን ጎማ ገዝተን ብሩሹን ውስጡ አስገባንበት፤ ይህ ሠራ። በኋላ ከውጭ የመጣ በባትሪ የሚሠራ ብሩሽ ዘመድ ሰጠን፤ እሱም እጁ ወፍራም ስለሆነና ራሱ ስለሚዞር ጥሩ ነው፣ ግን የግድ አይደለም። ዋናው ለስላሳ ብሩሽ መሆኑ ነው።

እማዬ መጀመሪያ ራሷ ትቦርሻለች። ይህን አንነጥቃትም፤ የሚቀረውን ግን አንዳችን እንጨርሳለን። ቀና ብላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ ከጎኗ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመን አገጯን በእጃችን ደገፍ እናደርጋለን። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ማጋደል የለም፤ ትን የሚላት ያኔ ነው። የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ታህል ብቻ፤ ከበዛ አረፋው ያስቸግራታል። ከዚያ ትተፋለች፤ በብዙ ውኃ አታጉመጠምጥም፤ ፍሎራይዱ ጥርሷ ላይ እንዲቆይ ነው። ታዲያ እዚህ ላይ እማዬ ጥያቄ ነበራት፤ «ያበላሸኝ ፍሎራይድ አይደል? እንዴት መልሼ እቀባዋለሁ?» አለች። ሐኪሟ ሳቀችና፣ ውኃው ውስጥ የበዛው ጉዳት ያደረሰው በልጅነቷ ጥርሷ ሲሠራ እንደሆነ፣ ዛሬ ከላይ የሚቀባው ትንሹ ግን ጥርስ እንዳይቦረቦር እንደሚጠብቅ አስረዳቻት። እማዬ ሙሉ በሙሉ ያመነች አይመስለንም፣ ግን ትቦርሻለች።

መፋቂያዋን አልከለከልናትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስትፍቅ ደስ ይላታል። ግን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ብቻ፣ ጫፉም በደንብ ለስልሶ። እጇ ሲንቀጠቀጥ ድዷን ይወጋታል። መፋቂያ ፍሎራይድ ስለሌለው የማታውን ብሩሽ አይተካም።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጉንጯን እናያለን። ምላስ ስለሚዘገይ ምግብ ጉንጭ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም ላይታወቃት ይችላል። ንጹሕ ጋዝ በውኃ አርሰን ጣታችን ላይ ጠቅልለን ቀስ ብለን እንጠርጋለን። መንከስ ያጋጥማል፤ ተቆጥታ ሳይሆን መንጋጋዋ ሳታስበው ሲገጥም ነው። የታላቃችንን ጣት ብታዩት!

ስለ ምራቅ ትንሽ ቆም ብለን እናውራ፤ እማዬን ከጥርሱ በላይ ያሳፈራት ይኼ ነውና። ለሃጯ ነጠላዋ ላይ መውረድ ሲጀምር ማኅበር መሄድ ተወች፤ ቤተ ክርስቲያንም ከኋላ፣ ከዛፍ ሥር መቆም ጀመረች። እኛ ምራቋ የበዛ መስሎን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ሰው ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ምራቁን ይውጣል፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው መዋጡን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይጠራቀምና ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ አፏ በዚያው ሊደርቅ መቻሉ ነው። ለመንቀጥቀጡ ይሰጣት የነበረው አርቴን አፍ ያደርቃል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ በከንፈሯ ጥግ ግን ለሃጭ ይወርድ ነበር። ምራቅ ጥርስን የሚያጥብና ከመበስበስ የሚጠብቅ ነው፤ ሲደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ይህን ለነርቭ ሐኪሙ ነግረን አርቴኑን ቀስ በቀስ ቀነሱላት። በራሳችን ግን አላቆምነውም፣ እናንተም እንዲህ ያለ መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠገቧ እናኖራለን። «እማዬ ዋጪ» ብለን እናስታውሳታለን፤ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ አሁን ራሷ ሠራተኛችንን «አስታውሺኝ» ትላለች።

የሻይ ነገርም አለ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ ትጠጣ ነበር፤ ሲከብዳት በጥቂት በጥቂቱ፣ አንዱን ብርጭቆ ለሁለት ሰዓት። ጥርሷ ቀኑን ሙሉ ስኳር ውስጥ ተነክሮ ዋለ ማለት ነው። ከሦስት ወደ አንድ ለማውረድ የፈጀብንን ክርክር አንነግራችሁም።

«በዚህ ዕድሜና በዚህ በሽታ ጥርስ ምን ያደርጋል?» ያሉን ሰዎች አሉ። ሰው መውደዳቸው ነው፤ እንዳትንገላታ ብለው። እኛም መልስ አልነበረንም፣ ሐኪሟ እስክትነግረን ድረስ። ፓርኪንሰን ያለባቸውን ሰዎች በብዛት ለሞት ከሚያበቁት ነገሮች አንዱ የሳምባ ምች ነው። መዋጥ ሲያስቸግር ምግብም ምራቅም ወደ ሳምባ ይሾልካል፤ አፍ ቆሻሻ ሲሆን ደግሞ የሚሾልከው ምራቅ በተሕዋስያን የተሞላ ነው። በጃፓን የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በተደረገ ጥናት ከምግብ በኋላ አፋቸው በሌላ ሰው እየተጸዳላቸው የቆዩት አዛውንቶች በሳምባ ምች የተያዙት ካልተደረገላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እማዬ ካቻምና በክረምት በሳምባ ምች ተይዛ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያኔ «ብርድ መትቷት ነው» ብለን መስኮት ዘጋን። የአፏ ቆሻሻ ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ግን ያን ጊዜ አፏን ማንም አላየም።

ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ የጠየቃችሁን ስላላችሁ፣ እማዬ እስካሁን አላሠራችም። የሚወለቀው ዓይነት ጥርስ ድዱ ላይ የሚቆየው በምራቅና በጉንጭ ጡንቻ እርዳታ ነው፤ ፓርኪንሰን ሁለቱንም ያዳክማል። ለመልመድም ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሰው በሽታው ሳይጠና ቢያሠራው ይመረጣል። ያለው ሰው ደግሞ ማታ ማታ አውልቆ፣ በብሩሽ አጥቦ፣ ውኃ ውስጥ ያሳድረው፤ አፉ ውስጥ ይዞት አይተኛ።

ስለ ጾም አንድ ቃል። እማዬ ጾም አታፈርስም። መድኃኒቷን በሰዓቱ መዋጥና ውኃ መጠጣት ግን ግድ ነው። የንስሐ አባቷን አነጋገርን፣ እሳቸውም ፈቀዱላት፤ ለእኛ ሐሳብ እምቢ ያለችውን ለእሳቸው እሺ አለች።

የሚቆጨን ነገር አንድ ነው። በሽታው በታወቀበት ዓመት እማዬ አንድ ሰዓት ሙሉ የሐኪም ወንበር ላይ መቀመጥ ትችል ነበር፤ አፏን በደንብ ትከፍታለች፣ ያመማትን ታሳያለች፣ የምትፈልገውን ትናገራለች። ያን ጊዜ ወስደናት ቢሆን መንጋጋዋ በአንድ ቀን ይሞላ ነበር። አምስቱን ዓመት ሁሉ በእጇና በእግሯ ስንጨነቅ አለፈ። ስለዚህ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አዲስ የተነገረው ሰው ካለ፣ ከነርቭ ሐኪሙ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ባያመውም። በየስድስት ወሩም ይታይ።

አሁን እማዬ 54 ኪሎ ናት። ወደ 58 አልተመለሰችም፤ ላትመለስም ትችላለች። በሽታው መግፋቱን አላቆመም፤ ማታ ማታ ደክሟት ብሩሹን የምትገፋበት ቀን አለ። ያኔ ለነገ እናሳድረዋለን፣ ጉንጯን ብቻ እንጠርግላታለን። ተራ አለን፤ ሰኞና ማክሰኞ የታላቃችን፣ እያለ ይሄዳል። ሠራተኛችን ተራ ውስጥ የለችም፤ እሷ ተቆጣጣሪያችን ናት። ያልተሠራ ነገር ካየች አሁን ትናገራለች።

እማዬ ዛሬም እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ግን አሁን አንለፈውም፤ «እማዬ፣ አሞሽ ነው?» እንላለን። አንዳንዴ «አዎ» ትላለች፣ እናያለን። አንዳንዴ ደግሞ ከእጇ ሥር በዝግታ «እየሳቅኩ እኮ ነው» ትላለች።

ጎማ የገባባቸው አሥራ ሁለት ብሩሾች ሠርተን አምጥተናል፤ እዚያ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ቤቱ የሚያስፈልገው ያለ ከቡና በኋላ ይውሰድ፣ ክፍያ የለውም። ከመድኃኒት ቤት ሰዎች ጋር ለመነጋገር የምንጠቀምበት፣ መሰጠት የሌለባቸው መድኃኒቶች ስም ያለበት ወረቀትም አባዝተናል። እሱን ግን ወስዳችሁ መጀመሪያ ለሐኪማችሁ አሳዩት፤ የእናንተ በሽተኛ መድኃኒት ከእማዬ ሊለይ ይችላል።